ሞተሩ ስለነከሰ ብቻ መኪናዋን ለቁራሌ አትስጧት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን በጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ፣ አሁን ሱሉልታ የምኖር ጡረተኛ መካኒክ ነኝ። የምጽፍላችሁ በየግቢው ቆመው ስለቀሩ አሮጌ መኪኖች ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ስዘዋወር በየአጥሩ ሥር ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ አያለሁ። ባለቤቶቹን ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሞተሩ ነክሷል፣ አለቀላት።» ውስጡ ተጣብቆ አልዞር አለ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቁራሌው ይጠራል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። የነከሰ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም።

አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ቮልሳቸው ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ነበር። በቅርቡ ከአንድ ጋራዥ የመጡ ልጆች ማርሽ አስገብተው በፒክአፕ ጎተቷት። የኋላ ጎማዎቿ አልዞሩም፤ መሬቱን እየፋቁ ተጎተቱ። «እማማ፣ ለብረት ይሽጧት» ብለዋቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ ጉልበት ጠላት ነው። ሞተር ሲቆም ሁልጊዜ ክፍት የሚቀር ቫልቭ አለ። የሱሉልታ ጉምና የክረምቱ እርጥበት በዚያ ይገባል። ዝገቱ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን የፒስተኑን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። በጉልበት ሲጎተት ቀለበቱ ይሰበራል፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢየላውም ሊጣመም ይችላል። እንግዲህ ያኔ ነው በእውነት የሚያልቅላት።

ሴትዮዋን አስፈቅጄ የልጅ ልጃቸውን ይዤ ሥራውን ጀመርን። ልጁ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታን፣ ማርሹን ዜሮ አደረግን። ከዚያ ቺንጋውን (ቀበቶውን) አወጣን፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ፈታን። አንዳንዴ የተጣበቀው ዲናሞው ወይም ሞተሪኖው ሆኖ ሳለ ሞተሩ በከንቱ ይታማል። የእኛ ግን ሞተሩ ራሱ ነበር። ማራገቢያው ቤት ውስጥ ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታለች። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ያ ጎጆ ሳይጠረግ ብትነሳ ኖሮ በሙቀት ትቃጠል ነበር።

ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትተን በስልክ መብራት ስናይ ሁለቱ ሲሊንደሮች ቀላ ያለ ዝገት ይዘዋል። ዝገቱን እንዲያላቅቅልን የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል እኩል ቀላቀልን። ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀሙ ቁጥር መናጥ ያስፈልጋል። አሴቶን እሳት ይጠራል፤ ሥራው ደጅ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሲጋራም ክልክል ነው።

ቮልስ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሲሊንደሮቿ የተኙ ናቸው፣ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። ድብልቁን በካንዴላው ቀዳዳ ዝም ብለው ቢያፈሱበት ከታች ይተኛል፣ የላይኛው ዝገት ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የቀኙን ስንሞላ ቀኝ ጎኗን በክሪክ አንስተን በጠንካራ እንጨት ደገፍናት። በማግስቱ ግራውን። ከዚያ መጠበቅ ነው። በየጊዜው እየጨመሩ መጠበቅ። ልጁ ቸኩሎ የመፍቻ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ በጉልበት ሊያዞራት ፈልጎ ነበር፣ አልፈቀድኩለትም።

በኋላ በ30 ቁጥር ቁልፍ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን የሞተሩን ፑሌጃ ብሎን ይዘን ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አልን። አንድ ቀን ማለዳ ነቅነቅ አለች። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ መልሶ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ዘይት፣ ደግሞ ወደ ፊት። ሙሉ ዙር ስትዞር ልጁ እየጮኸ አያቱን ጠራ።

ካንዴላው ሳይገባ ደጋግመን በእጅ አዞርናት፤ የቀረው ፈሳሽ ተተፋ። ካንዴላው ቢገባ ኖሮ ፈሳሹ ውስጥ ታፍኖ ፒስተኑን ያግደው ነበር። ድብልቁ ከታች ካለው የሞተር ዘይት ጋር ስለሚቀላቀል ዘይቱ ይቀየራል፤ 2 ሊትር ተኩል ይበቃታል። ማጣሪያዋ ወንፊት ስለሆነች ታጥባ ትመለሳለች። የነዳጅ ጎማዎቹን ግን በአዲስ ቀየርኳቸው። የተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ ስንቱን ቮልስ ከኋላ አቃጥሏል! ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) እና ካርቡራተሩን አጥበን ስናስነሳት መጀመሪያ ብዙ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ጠራች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የመጨረሻዋ የዚች ዓይነት የድሮ ቮልስም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተመርታ አበቃ። ያለን እንግዲህ በየግቢው ያለው ነው። ይህ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የነከሰ ሞተር ነክቶ አያውቅም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንድ አንድ የነከሰ ሞተር ለተግባር ትምህርት ቢያስገቡ ምን ይከብዳቸዋል? ሞተሩ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል፤ የሚያስተምር ጡረተኛም አይጠፋም።

በሱሉልታና በአካባቢዋ የቆመች መኪና ያላችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ጥሩኝ። ያለ ክፍያ መጥቼ አያታለሁ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው መካኒክ
ከሱሉልታ