ከተክል መሠራቱ ፓተንት አያስገኝም፣ አይከለክልምም

ክቡር አዘጋጅ፣

ከዕፅዋት በሚገኝ ማጣበቂያ ስለሚሠሩ ድምፅ መጣጭ የግንባታ ፓነሎች ያወጣችሁትን ዘገባ ተከትሎ በአንባቢዎች መካከል ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ተነሥተዋል። አንዱ ወገን ከተፈጥሮ ነገር ለተሠራ ሁሉ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አይሰጥም ይላል። ሌላው በተለመዱት የፓነል ኮላዎች ውስጥ ያለውን ጎጂ ኬሚካል፣ ፎርማልዲሃይድን፣ የተካ ማጣበቂያ ሁሉ ፓተንት ይገባዋል ይላል። ሁለቱም ስተዋል፤ በዚህ ዘርፍ የሚደክሙ ሰዎች በስሕተቱ ገንዘብና ጊዜ ስለሚያጡ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ መጀመሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። በተፈጥሮ ያለ ነገር እንዳለ ሲቀርብ ፈጠራ አይባልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ተነጠለ ዲኤንኤ የሰጠው ውሳኔም ይህንኑ ይላል። ነገር ግን በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ኬሚካል) የተዘጋጀ የአኩሪ አተር ዱቄት ከሌላ ሬዚን (ሲጠነክር የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር) ጋር ተደባልቆ፣ በእንጨት ቃጫ ላይ ተረጭቶ፣ በሙቀት ተጨምቆ የሚወጣው ፓነል የሰው ሥራ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ አይደለም።

ችግሩ አዲስነቱ ላይ ነው። ድምፅ መጣጭ የሆኑት የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ ቃጫ) የጣሪያ ሰሌዳዎች በስታርች መያያዝ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የአኩሪ አተር ኮላ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለኮምፔንሳቶ ሥራ ውሏል። ከሚሞሳ ቅርፊት የሚወጣው ታኒን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የቺፑድ ፋብሪካዎች ገብቷል፤ ለመስታወት ሱፍም ከስኳር የሚዘጋጁ ማያያዣዎች ገበያ ላይ አሉ። ስለዚህ «ከተክል በተገኘ ማጣበቂያ የተያያዘ ድምፅ መጣጭ ፓነል» ብሎ ጥበቃ የሚጠይቅ ማመልከቻ ገና በአዲስነት ፈተና ይወድቃል። አመልካቹ አስቀድሞ ቢፈልግ ኖሮ ራሱ ያገኘው ነበር። በዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ሲ09ጄ 103 የስታርች፣ ሲ09ጄ 189 የፕሮቲን፣ ሲ09ጄ 197 የሊግኒን (የእንጨት ተፈጥሯዊ ማያያዣ) ማጣበቂያዎች መደብ ነው፤ ኢ04ቢ 1/84 እና ጂ10ኬ 11/162 ደግሞ የድምፅ መምጠጫዎች። ብዙዎች የሚፈልጉት በማጣበቂያው መደብ ብቻ ነው፤ የፓተንት ቢሮው መርማሪ ግን ሁለቱንም ወገን ይከፍታል።

አዲስነቱን ያለፈ ማመልከቻ ፈጠራዊ ብቃቱን፣ ማለትም ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆኑን፣ ማሳየት አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲህ እሱን ለመተካት መፈለግ የማንኛውም የሙያው ሰው ሐሳብ ነው። የታወቀ ማጣበቂያ ወደ ታወቀ ፓነል አምጥቶ የሚጠበቀውን ውጤት ማግኘት ብቻውን መርማሪን አያሳምንም።

የሚያሳምነው በፓነሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሆነው ነው። ድምፅ መጣጭ ፓነል ድምፁን የሚያሟሽሸው አየር በቃጫዎቹ መካከል ሲመላለስ በሚፈጠረው ፍትጊያ ነው፤ የድምፁ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለወጠው እዚያ ነው። ማጣበቂያው ቃጫ ከቃጫ የሚነካካበትን ነጥብ ብቻ ይዞ ቢቀር መልካም ነበር። በተግባር ግን በነጥቦቹ መካከል እንደ ስስ ቆዳ ይዘረጋና መተላለፊያውን ይደፍናል፤ የአየር ፍሰት ተቃውሞው ከልክ ሲያልፍ ድምፁ ከፓነሉ ፊት ይመለሳል። ስታርች ሌላም ጣጣ አለው። ቀድሞ የበሰለ ስታርች የያዘ እርጥብ ፓነል ምድጃ ውስጥ ሲደርቅ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ውኃ ስታርቹን ይዞት ይሄዳል። ፊቱ ጠንክሮ ይደፈናል፣ መሐሉ ይፈረካከሳል። ስታርቹን በጥሬው አስገብቶ እዚያው ፓነሉ ውስጥ ማብሰል ፍልሰቱን ይቀንሳል። የበቆሎ ስታርች የሚያብጠው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ ውኃው ተንኖ ሳያልቅ የፓነሉ መሐል እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ አለበት፤ ምድጃው ቀድሞ ካደረቀው ስታርቹ ጥሬውን ቀርቶ ምንም አይዝም። ቦራክስም እሳት ለመከላከል ተብሎ ሲጨመር የስታርቹን ሞለኪውሎች ያስተሳስርና ኮላውን ያወፍረዋል፣ መርጫውንም ይዘጋል። ይህ ሁሉ በሙያው የታወቀ ነው። ፓተንት የሚገባው «ጥንካሬ ሲጨምር መምጠጥ ይቀንሳል፣ እርጥበት ሲበዛ ፓነሉ ይረግባል» የሚለውን የተለመደ ግምት የሚያፈርስ ውጤት ነው።

ውጤቱ ደግሞ በንጽጽር መታየት አለበት። ቃጫው፣ እፍጋቱና ውፍረቱ አንድ ሆኖ ማጣበቂያው ብቻ የተለወጠባቸው ፓነሎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው በአዲሱ፣ ሌላው በተለመደው የዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ኮላ፣ ሦስተኛው ከሁሉ በሚቀርበው የታወቀ የዕፅዋት ማጣበቂያ ይሠራ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሦስተኛው ነው። ከፓነሉ ጀርባ ያለው የአየር ክፍተት እንኳ ከተለያየ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ናሙናዎቹ በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ተረጋግተው ይለኩ። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ አይኤስኦ 354 መሠረት በማስተጋቢያ ክፍል (ግድግዳዎቹ ድምፅን በሚመልሱ ክፍል) ለመለካት ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ናሙና ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ማመልከቻ በአይኤስኦ 10534 ክፍል 2 የቱቦ ዘዴ ትንንሽ ክብ ናሙናዎችን መለካት ይበቃል። ቱቦው ቀጥ ብሎ የሚመጣን ድምፅ ብቻ ስለሚለካ የሁለቱ ዘዴዎች ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ መደባለቅ የለባቸውም።

የጥበቃው አንቀጽ (ምን እንዲጠበቅ እንደሚጠየቅ የሚወስነው የማመልከቻው ክፍል) አጻጻፍ ላይ ደግሞ ጥሩ ፈጠራዎች ሲባክኑ ማየት ያሳዝናል። አመልካቾች የፈሳሹን ማጣበቂያ ዝልግልግነትና ፒኤች (የአሲድነት መጠን) በአንቀጹ ያስቀምጣሉ። ፓነሉ ሲደርቅ ግን ሁለቱም የሉም፤ የተፎካካሪን ፓነል ከገበያ ገዝቶ የሚመረምር ሰው የሚለካው ነገር አያገኝም። አንቀጹ በተጠናቀቀው ፓነል ላይ በሚለኩ ነገሮች ቢጻፍ ይሻላል፦ በቃጫው ክብደት የደረቅ ማጣበቂያ ድርሻ፣ እፍጋት፣ የአየር ፍሰት ተቃውሞ፣ ከመለኪያ ዘዴው ስም ጋር። ድርሻው ከ5 እስከ 15 በመቶ ከተባለ በ5፣ በ10 እና በ15 የተሠሩ ምሳሌዎች ይኑሩ፤ በ3 እና በ18 የተሠሩት ለምን እንዳልሆኑም ይታይ። «የአኩሪ አተር ፕሮቲን» ማለትም አይበቃም። ዘይቱ የወጣለት ዱቄት 50 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሲኖረው የተጣራው ወደ 90 ይደርሳል፤ የኮላው ጠባይም ለየቅል ነው። ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ትሪፕስ) አንቀጽ 29 የሚጠይቀው የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው የሚችል መግለጫ ነው። «ሙሉ በሙሉ ከተክል» ተብሎ ተጽፎ ምሳሌው ውስጥ ውኃ እንዲቋቋም ፖሊአሚዶአሚን ኤፒክሎሮሃይድሪን የተባለ ሬዚን ከተጨመረ ደግሞ አንቀጹና ምሳሌው ይጣላሉ፤ ያ ሬዚን ከፔትሮሊየም ኬሚካሎች የሚሠራ ነው።

የተክሉን ምንጭ በተመለከተ፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በጄኔቫ ያጸደቁት ስምምነት ፈጠራው በአንድ የዘረመል ሀብት የተለየ ባሕርይ ላይ ከተመሠረተ የመጣበት አገር እንዲገለጽ ይጠይቃል። ስለዚህ የተለየ የዛፍ ሙጫ የሚጠቀሙ ሁሉ የግዥና የፈቃድ ወረቀቶቻቸውን ከአሁኑ ይያዙ።

የጊዜው ነገር ከሁሉ ይከፋል። በአውሮፓ ፈጠራን ራስ ቀድሞ ይፋ ማድረግ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር አዲስነትን ያጠፋል፤ አሜሪካ የ12 ወር ፋታ ትሰጣለች። ያለ ምስጢር ስምምነት ለደንበኛ የተላከ ናሙናም፣ በበይነ መረብ የተለጠፈ የመመረቂያ ጽሑፍም ይፋ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ማመልከቻው ይግባ። የኢንዱስትሪ ንብረትን በሚመለከተው የፓሪስ ስምምነት በሚገኘው የ12 ወር የቀዳሚነት ጊዜ (ኋላ የሚገባው ማመልከቻ በመጀመሪያው ቀን የሚቆጠርበት ጊዜ) ውስጥ የማስተጋቢያ ክፍሉንና የእርጥበቱን ልኬት ጨርሶ በሁለተኛው ማመልከቻ ማካተት ይቻላል፤ በዚያ ጊዜ የሚጨመር አዲስ ነገር ግን የሚቆጠርለት ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በማጣበቂያና በፓነል ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ