ሞላ መቁረጥ ያቆምንበት ምክንያት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከመስከረም ወዲህ ወደ ጋራዣችን የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ነው የሚመጡት፦ «መኪናዋን ዝቅ አድርጉልኝ፤ ግን ብዙ ብር የለኝም።» ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ያለው ይጠይቃል፣ ቶዮታ ቪትዝ አርኤስ ያለው ይጠይቃል፣ ተራ ቪትዝ ይዞ ቸርኬ ብቻ የቀየረውም ይጠይቃል። አይገርመንም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ፣ ሰው በእጁ ያለችውን አሳምሮ መያዝ ነው የቀረው። የሚያስኮርፋችሁ መልሳችን እንደሆነ እናውቃለን፦ ሞላ፣ ማለትም መኪናዋን ጎማው ላይ የሚሸከመውን ጥምዝ ብረት፣ ቆርጠን መኪና ዝቅ ማድረግ አቁመናል። «ድሮ ትቆርጡ አልነበር ወይ?» የምትሉን አላችሁ። እንቆርጥ ነበር። ለምን እንደተውነው፣ በትንሽ ብርስ ምን ማድረግ እንደሚቻል በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን። በር ላይ ቆመን ለእያንዳንዱ ስናስረዳ ሥራ መፍታታችንም ሌላው ምክንያት ነው፤ አንደብቃችሁም።

ሞላ ሌላ ነገር አይደለም፤ የተጠማዘዘ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲረዝም ይለሰልሳል፣ ሲያጥር ይጠነክራል። ስድስት የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት ሞላ ላይ አንዱን ብትቆርጡ የቀረው ሞላ ከበፊቱ በ20 በመቶ ያህል ይጠነክራል። እስከዚህ ድረስ ክፉ አይመስልም፤ ዝቅ ያለች መኪና ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋታልና። መዘዙ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ፋብሪካው የሞላውን ጫፍ የሚሠራው መቀመጫው ላይ ልክ እንዲገጥም አድርጎ ነው። በግራይንደር የተቆረጠው ጫፍ ግን ሹል ሆኖ ይቀራል፣ መቀመጫው ላይ አይተኛም፣ መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር ይዞራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መኪናዋ ጉድጓድ ዘላ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ነው። ያን ጊዜ አጭሩ ሞላ ከላይም ከታችም የሚይዘው አጥቶ ይላላል። ለመኪናዋ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ይህ እንዳይደርስበት አንደኛው ጫፉ ላይ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ጥምዞች ይኖሩታል፤ ክብደት ሲያርፍባቸው ይተኛሉ፣ ጎማው ሲንጠለጠል ይከፈቱና ክፍተቱን ይሞላሉ። ግራይንደር ይህን አይሠራም።

እኛን ያስተማረችን አንዲት ቪትዝ ናት። አራቱንም ሞላዋን አንድ ጥምዝ ተኩል ቆርጠን ባለቤቱ ደስ ብሎት ሄደ። በወሩ ገደማ «የፊት ጎማዬ በውስጥ በኩል ተላጨ» ብሎ ጎሚስታው ጋ ሲጨቃጨቅ ሰማን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ጎሚስታው ምን አደረገ? ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከአንኮበር ሲመለስ ከኋላ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይዞብን መጣ። በክሪክ ስናነሣት የግራው ሞላ ከመቀመጫው ወጥቶ ሰያፍ ቆሟል፤ በእጃችን ጎተትነው፣ ወጣ። በእንደነዚህ ዓይነት መኪኖች የኋላው ሞላ ከሾክ አብዞርበሩ (የሞላውን መንጠር ከሚያረጋጋው) ተለይቶ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ከላላ የሚያስቀረው ነገር የለም። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙሉ ሞላ በራሳችን ወጪ ገዝተን መለስንለት። ያን ቀን ነው ግራይንደሩን ከሞላ ያራቅነው።

«እንግዲያው በእሳት አሙቁት» የሚልም አለ። እሱ የባሰ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በልክ እንደገና ሞቆ ነው። በጋዝ እሳት ቀይ እስኪሆን ያሞቃችሁት ቦታ ያን ጥንካሬ ያጣል፤ ዛሬ ሦስት ሳንቲ ሜትር የወረደው በሌላ ወር አምስት ይወርዳል፣ ግራና ቀኙም እኩል አይወርድም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ አንጨምርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መኪናችሁን ለማፍጠን ከሆነ ሐሳባችሁ፣ በዚህ ከተማ ሞተር ላይ የሚወጣ ብር ብዙ አያስገኝም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጃፓን ውስጥ 125 የፈረስ ጉልበት የሚባለው የመጀመሪያው ባለ 1.6 ሊትር ስዊፍት ስፖርት እዚህ 95 ገደማ ቢሰጥ ነው። የእነዚህ መኪኖች ጥሩነቱ ግን ክብደታቸው ነው፤ ያ ስዊፍት ከአንድ ቶን ብዙ አያልፍም። ቀላል መኪና መታጠፊያ ላይ ነው የምትደሰቱባት፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ብራችሁን ከመኪናዋ ሥር ማዋላችሁ ትክክል ነው። የማንስማማው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ ሞላውን መጀመሪያ ትገዛላችሁ፣ ሾኩን «ቆይ በኋላ» ትላላችሁ። ሞላው መኪናዋን ይሸከማል እንጂ አያረጋጋትም፤ የሚያረጋጋት ሾኩ ነው። ያረጀ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ ስትጭኑበት መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። በተጨማሪም ዝቅ ስትል የሾኩ ጉዞ ያጥራል። እንበል መኪናዋ ቆማ ሳለ ሾኩ ወደ ታች ለመጨመቅ 70 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። በ30 ዝቅ ስታደርጓት 40 ብቻ ይቀራል። ሁለት ሰው ይዛችሁ አስፋልት ላይ ስትሄዱ ይበቃል። ግን እኛ አገር ጥር አለ፣ ሠርግ አለ። አራት ሚዜ አስገብታችሁ፣ ፖርታባጋሉን በለስላሳ ሣጥን ሞልታችሁ ወደ ጫጫ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ፣ ያ 40 ሚሊ ሜትር ገና ሳትነሡ አብዛኛው ይበላል። ከዚያ በኋላ ሾኩ በየጉድጓዱ ዘንጉ ላይ ያለችውን ማስቆሚያ ጎማ እየመታ ይሄዳል፣ ጎማዋ ትፈረካከሳለች፣ ቀጥሎ ብረት ከብረት ይማታል፣ ዘይቱ ያፈሳል። «ሞላ አስገጥሜ ሾኬ ሞተ» የሚባለው ይህ ነው።

ከመሬት ያለውንም ርቀት አስቡት። ብዙዎቹ ትናንሽ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሆዳቸው ከመሬት 14 ወይም 15 ሳንቲም ቢርቅ ነው። ሦስት ሳንቲም ስታወርዱ፣ ጭነቱ ሌላ ሦስት አራት ሲወስድ ምን ይቀራል? በየመንደሩ መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደግሞ በአንድ ልክ የተሠራ አይደለም። የፊት ፓራውልቱ ሥር ላስቲክ ተቀድዶ፣ የጭስ ማውጫው ተጣምሞ የመጣብን መኪና ተቆጥሮ አያልቅም። ለዚህ ነው ከ25፣ ቢበዛ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የማናወርደው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካለ አዲስ አበባ የሚያደርግለት ያገኛል፤ አንቀየመውም።

ስለዚህ ጥቂት ብር ይዞ ለሚመጣ ምክራችን ይህ ነው። ሾኮቹ ደኅና ከሆኑ፣ ማለትም ዘይት ካላፈሰሱና መኪናዋን አንድ ጥግ ላይ ተጭናችሁ ስትለቋት አንዴ ተነሥታ ከቆመች፣ ለመኪናዋ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ አራቱንም ግዙ። ሁለት ብቻ አይሆንም። ሾኮቹ ካረጁ ግን ሞላውን አቆዩትና መጀመሪያ አራት አዲስ ሾክ ግዙ፤ በፋብሪካው ሞላም ቢሆን መኪናዋ ሌላ ትሆናለች። ይህን ስንል ፊታችሁ እንደሚጠቁር እናውቃለን፤ ሾክ ከውጭ አይታይም፣ ጓደኛም አያደንቀውም። ሆኖም አዲስ ሾክና ጥሩ ጎማ አስገጥሞ በሳምንቱ «አሁን ዝቅ አድርጉልኝ» ብሎ የተመለሰ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ሞላ መግዛት ይቻላል፤ እኛም ገዝተን እናውቃለን። ሦስት ነገር እዩ፦ የመኪናዋ ሞዴልና የተመረተችበት ዓመት አንድ መሆኑን፣ ቀለሙ ተልጦ ዝገት የበላው ወይም የተሰነጠቀ ቦታ አለመኖሩን፣ ጫፎቹ በማሽን የተጨረሱ እንጂ የተቆረጡ አለመሆናቸውን። የተቆረጠ ሞላ ቀለም ተቀብቶ እንደ ስፖርት ሞላ ይሸጣል፤ ሁለት ጊዜ አይተናል። ያገለገለ ሾክ ግን አትግዙ። መደብሩ ውስጥ በእጅ ተጭኖ ደኅና የሚመስለው መኪና ሥር ሲገባ ያለቀ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ራሱ አንድ ቀን ይወስድብናል። የኋላው ቀላል ነው፦ የሾኩን የታች ቡሎን ፈትተን መስቀለኛውን ብረት ስናወርደው ሞላው ይወጣል። የፊቱ ሾክና ሞላ አብረው የተያዙ ስለሆነ ሞላው በመጭመቂያ ተጨምቆ ነው የሚፈታው። ይህን እቤት ውስጥ አትሞክሩት። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ እጅ ወይም ፊት ይወስዳል፤ የጎረቤት መጭመቂያ ተውሶ የጀመረ አንድ ልጅ ግማሹን ፈትቶ ፈርቶ በገመድ አስሮ አምጥቶልናል፣ ብልህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እዚህ ሥራ ላይ ግን የሚለቀም ላይኖር ይችላል። የፈታናቸውን ቡሽንጎች (መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን ላስቲኮች) የምናጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዙ ይኖሩና ቶሎ ይቀደዳሉ። በዚያው አጋጣሚ የሾኩን ራስ ኩሽኔታና ቴስቲናዎቹን (ኳስ መሳይ መጋጠሚያዎቹን) እናያለን፤ ያለቀ ካለ ሳንነግራችሁ አንቀይርም።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል፣ የግድ ነው። መኪና ዝቅ ስትል የፊት ጎማዎቿ አቀማመጥ ይለወጣል፤ ሳታስተካክሉ ከሄዳችሁ ጎማው በውስጥ በኩል ይላጫል። ሞላው ቦታውን እስኪይዝ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ እንደገና አምጧት፤ ቡሎኖቹን በነጻ እናጠብቃለን። የፊት መብራቱም ይታይ። ከኋላ ከፊት ይልቅ ዝቅ ካለች መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ መልሶ ዓይናችሁን ነው የሚመታው።

የዋጋ ዝርዝር በር ላይ ያልለጠፍነው ለመደበቅ አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተተወ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለያይ ነው። መኪናዋን አይተን የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይተን በወረቀት እንሰጣችኋለን፤ ያ ወረቀት ለአሥር ቀን ይጸናል። የወጣውን የፋብሪካ ሞላ አትጣሉት፣ በጆንያ አድርገን እንመልስላችኋለን፤ ለዓመታዊ ምርመራም ሆነ ለሽያጭ ቀን ያስፈልጋል። መኪና ዝቅ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነም ከሥራው በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ከዚህ በፊት እኛ ሞላ የቆረጥንላችሁ ደንበኞች፦ ታርጋችሁ በደብተራችን ተጽፏል፤ አሥራ አንድ መኪና ነው። ሰባታችሁን በስልክ አግኝተናል። የቀራችሁት አራት፣ አንዷ ቀይ ስዊፍት ሦስቱ ቪትዝ፣ ቁጥራችሁ ተቀይሮ ይመስለናል አላገኘናችሁም። እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ኑ፤ ሙሉ ሞላ እንገጥምላችኋለን፣ የእጅ ዋጋ አናስከፍልም፣ የሞላውንም ዋጋ ግማሹን እኛ እንሸፍናለን። ባለመኪናዎቹን የምታውቁ ካላችሁ ይህን ደብዳቤ አድርሱልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና መካኒኮች