ሂሩትዬ፣ ድምፁን የሚሰጠው ማነው?

ሂሩትዬ እንዴት ነሽልኝ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ወንድምሽ ደውሎልኝ ያጠራቀምሻትን ብር አንድ ክሪፕቶ ላይ ልታስገቢ እንደሆነ ነገረኝ፣ ዋጋው አይዋዥቅም፣ ከፍ ዝቅ ሲል ኮሚኒቲው ቮት አድርጎ ብዛቱን ያስተካክላል ይላሉ አለኝ። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፣ እንደዛ የሚሰራ ሲስተም አለ፣ ግን እንዴት እንደሚሰራ ሳታዪ እንዳትገቢ ብዬ ነው።

እኔ በደንብ የማውቀው ሜከርዳኦን ነው፣ አሁን ስካይ ተብሏል፣ ዳይ የምትባለዋን የሚያወጣው። ዳይ ሁሌም 1 ዶላር እንድታወጣ ነው የታሰበችው። ሰው ኢተር የሚባለውን ሌላ ክሪፕቶ አስይዞ ዳይ ይበደራል፣ መጀመሪያ አካባቢ 100 ዳይ ለማውጣት ቢያንስ የ150 ዶላር ኢተር መያዣ ይጠየቅ ነበር፣ ብድሩ ሲወጣ አዲስ ዳይ ይፈጠራል ሲከፈል ይጠፋል። ብዛቱን ለማስተካከል ቮት የሚደረገው የብድሩ ወለድ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ዳይ ገበያ ላይ በዝታ ከ1 ዶላር በታች ወርዳ አልነሳ አለች፣ ኤምኬአር የሚባለውን ቶክን፣ ማለትም ድምፅ መስጫ የሆነውን ዲጂታል ሳንቲም የያዙ ሰዎች ቮት እያደረጉ ወለዱን ከ0.5 በመቶ እየገፉ እየገፉ ሜይ ላይ 19.5 አደረሱት! እስቲ አስቢው፣ 10,000 ዳይ የተበደረ ሰው በዓመት 50 ይከፍል የነበረው 1,950 ሆነበት ማለት ነው፣ ደሞ ጭማሪው ቀድሞ የተበደረውንም ይነካል። ሰዉ ዕዳውን ለመዝጋት ዳይ ከገበያ መግዛት ጀመረ፣ ብዛቱ ቀነሰ፣ ዋጋውም ወደ 1 ዶላር ተመለሰ። ማዕከላዊ ባንክ በሌለበት ይሄ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። ግን ልብ በይ፣ ከኪሱ የከፈለው ተበዳሪው ነው፣ የወሰነው ደግሞ ቶክን ያለው።

ድምፁ እንደ እቁብ በሰው ቁጥር አይደለም እኮ፣ በቶክን ብዛት ነው። ቶክንሽን ኮንትራቱ (ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ውስጥ ቆልፈሽ የምትደግፊው ፕሮፖዛል ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ብዙ የተከመረበት ያሸንፋል፣ በቃ። ኦክቶበር 2020 ላይ አንድ ፕሮጀክት ወደ 13 ሺህ ኤምኬአር ለቅጽበት ተበድሮ የራሱን ፕሮፖዛል አሳልፎበት እዛው ትራንዛክሽን ላይ መለሰው። የጠየቁት ነገር የሚጎዳ አልነበረም፣ ግን በተበደሩት ድምፅ መወሰን እንደሚቻል ሁሉም ያኔ ነው ያየው፣ ከዛ በኋላ ነው ያለፈ ፕሮፖዛል ስራ ላይ እስኪውል የሚጠበቀውን ሰዓት ያራዘሙት።

ሌላው የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። ማርች 12፣ 2020 ኢተር በአንድ ቀን ከ40 በመቶ በላይ ወደቀ፣ ኔትወርኩ ተጨናነቀ፣ ዋጋው ለብድሩ ያነሰ የሰው መያዣ ለጨረታ ወጥቶ ተወዳዳሪ ስለጠፋ አንዳንዱ በ0 ዳይ ተሸጠ፣ በ0! መያዣቸው እንደዛ የሄደባቸው ሰዎች ምንም ቮት አላዳናቸውም፣ ሲስተሙም ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎደለበት። ዳይ ደሞ ተፈልጋ በተቃራኒው ከ1 ዶላር በላይ ወጣች። ከቀናት በኋላ ቮት አድርገው ዩኤስዲሲን፣ አንድ ኩባንያ በዶላር ደግፎ የሚያወጣትን ክሪፕቶ፣ እንደ መያዣ ጨመሩ፣ ያ ረዳቸው፣ ግን ማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ከዩኤስዲሲ ዶላር ከፊሉ እዛ ስለነበር ተንገዳገደች፣ ዳይንም ይዛት ወርዳ ሁለቱም ከ90 ሳንቲም በታች ደረሱ። ሁለቱም ቶሎ ተመለሱ፣ ግን የዛን ቀን ብር አስፈልጎሽ ብትሸጪ ኖሮ ጉድለቱ ያንቺ ነበር።

ዳይ እንግዲህ ዓመታት የኖረች፣ ከብድሯ በላይ መያዣ ያላት ናት። ያንቺዋን አላውቃትም። ቶክኑ በማን እጅ እንደተከማቸ፣ ከጀርባዋ መያዣ ይኑር አይኑር፣ ቮቱ እስኪያልቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቂያቸው፣ እነዚህን መመለስ ካቃታቸው ባትገቢ ነው የምመርጠው። ብሩን ሳትልኪ ስሟን በቴሌግራም ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ስራ የለኝም፣ ኮንትራቱን ከፍቼ ቶክኑን ማን ማን እንደያዘው አይቼ እደውልልሻለሁ። እማማን ሳሚልኝ።