«ካርድ አታብዛ» ላሉህ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔም አባትህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ ዝናቡ አላባራም፤ አዲስ አበባም እንደዚያው ነው ብለኸኛል። ባለፈው በስልክ ስናወራ አንድ ነገር አንስተህ ቶሎ ስላለፍከው ሆዴ ውስጥ ቀረ። የክረምቱ ውድድር ኮሚቴ ግማሽ ፍጻሜውን እንድትዳኝ ሲመድብህ «ካርድ አታብዛ፣ ጨዋታውን አታቆራርጥ፣ ልጆቹ ይጫወቱበት» ብሎሃል። አንተም «ሕዝቡም የሚወደው እንደዚያ ነው» አልከኝ። ይህ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው የምጽፍልህ።

ስለ ኳስ ከአንተ በላይ አላውቅም። የማውቀው ከጨዋታው በኋላ ያለውን ነው። ክረምት ከገባ ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ክፍላችን ማልያ የለበሰ ልጅ አጥቶ አያውቅም። ወለምታው፣ ውልቃቱ፣ የተተረተረ ቅንድቡ የተለመደ ነው። ያለፈው እሁድ የመጣው ልጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

በባጃጅ ነው ያመጡት። የግራ ቅልጥሙ ከመሃል ታጥፏል። ጓደኞቹ ካርቶን አጣጥፈው በማልያ አስረውለታል፤ ደህና አድርገው ነው ያሰሩት። እግሩን ለማየት ታኬታውን በመቀስ ልቀድ ስል እጄን ያዘኝ። «ሲስተር፣ የሰው ነው፣ እባክሽ አትቁረጪው» አለኝ፤ ያ ሁሉ ሕመም እያለበት። ጭቃ የጠጣውን ማሰሪያ በጣቴ ፈትቼ፣ ባልደረባዬ እግሩን ደግፋልኝ፣ ቀስ ብዬ አወጣሁለት። ካልሲው ሥር የቅልጥም መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረም። ከአናጺ ጋር የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እናቱን የሚጦረውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ስብራት ደህና ገጥሞ እንኳ ከአራት ወር በላይ ከሥራ ሊያስቀር ይችላል። የሰፈር ኳስ ኢንሹራንስ የለው፤ ጓደኞቹ ኮሪደር ላይ ኮፍያ አዙረው ብር ሲያዋጡለት አየሁ።

አብሮት የመጣውን ልጅ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ያ ተከላካይ ገና ከጅምሩ ሁለት ጊዜ ከኋላ ጠልፎት ነበር፤ ዳኛው በቃል ብቻ አለፈው» አለኝ። በሦስተኛው እግሩ ተሰበረ። ልጄ፣ ለሦስተኛው በር የከፈተው የመጀመሪያው በዝምታ መታለፉ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ኮሚቴው «ካርድ አታብዛ» ሲልህ ያቺን የመጀመሪያዋን ካርድ ነው የሚቀማህ። የመጀመሪያዋ ካርድ በሰዓቷ ከወጣች ደግሞ ብዙ ካርድ ባላስፈለገህ።

ኮርሱን ስትወስድ እዚህ ትተኸው የሄድከውን የጨዋታ ሕግ ማታ ማታ አነበብኩት። 12ኛው ሕግ ለእኔም ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ኳስ ለመንጠቅ ሌላው ላይ ሳይጠነቀቅ ከገባ ቅጣት ምት ብቻ፤ በሌላው ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከቁብ ሳይቆጥር ከገባ ቢጫ፤ ከልክ ያለፈ ኃይል ተጠቅሞ የሌላውን ደኅንነት አደጋ ላይ ከጣለ ቀይ። ሜዳ ዳር ያለው ሰው ሁሉ «ኳሷን ነክቷል እኮ!» እያለ ይጮህብሃል። ኳሷን ቀድሞ የነካ ሰው እንደፈለገ ይግባ የሚል ግን ሕጉ ውስጥ የለም። ኳሷን ነክቶ ቅልጥም የሰበረም ቅልጥም ሰብሯል። ከባድ ጥፋት ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ቢቀጥል ለተበደለው ቡድን ይሻለዋል ብለህ፣ ጥቅም ሰጥተህ አታስቀጥል፤ ግልጽ የግብ ዕድል ካልሆነ በቀር ሕጉ ራሱ አቁም ይልሃል። በተለይ በዚህ ጭቃ! ደረቅ ሜዳ ላይ ሊቆም የሚችለው እግር ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ የሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚያርፈው። የሚገባው ልጅም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አባትህ እስከ ዛሬ የሚያነሳውን ጨዋታ ታስታውሳለህ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሴቪያ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የምዕራብ ጀርመኑ ግብ ጠባቂ ሹማከር ፈረንሳዊውን ባቲስቶንን በአየር ላይ ገጭቶ ራሱን አሳተው። ጥርሶቹ ረገፉ፣ አከርካሪው ተጎዳ። ሆላንዳዊው ዳኛ ቻርልስ ኮርቨር ቅጣት ምት እንኳ አልሰጡም፤ ጨዋታው በግብ ምት ቀጠለ። በዓለም ዋንጫ እንዲህ ከሆነ የሰፈር ሜዳ ላይማ ምን አይደረግም? ስለዚህ ኳሷ ከተመታች በኋላ ዓይንህን አብረሃት አትላክ። ትንሽ ቆይ፤ ተጫዋቹ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ባምላክ ተሰማም ሆነ ሊዲያ ታፈሰ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲመሩ ረዳት ዳኞች ነበሯቸው፣ አራተኛ ዳኛ ነበራቸው፣ ሐኪምና ቃሬዛ መስመር ዳር ይጠብቅ ነበር። አንተ ፊሽካህን ይዘህ ብቻህን ነህ። ስለዚህ ልጅ ወድቆ ጉዳቱ ከባድ ከመሰለህ ኳሷ የትም ትሁን ወዲያው አቁም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርኩ ተጫዋች ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ሲወድቅ አብረን አይተናል። ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ማንንም ሳይጠይቁ ጨዋታውን አቁመው ሐኪሞቹን ጠሩ፤ ልጁም ተረፈ። ማንም ሳይነካው ለወደቀ ተጫዋችም ጭምር ፍራ ማለቴ ነው።

ራሱን የተመታውን ደግሞ አደራ። ራሱን ሳይስትም አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል። ውጤቱን ደጋግሞ ከጠየቀህ፣ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ካስመለሰው፣ ያን ቀን ሜዳ አይመለስም። ውሃ ራሱ ላይ አፍስሰው «ደህና ነው» ይሉሃል፤ እሱም «ደህና ነኝ» ይልሃል፤ ሁለቱንም አትስማ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ውድድሮች ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል። ኮሚቴው ይህችን አስቀድሞ ቢወስን ምንም ወጪ የለባትም፤ አሰልጣኙም የተመታውን ልጅ ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም።

ወጌሻ አልንቅም፤ አያትህ ወለም ባላቸው ቁጥር የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነበር። የተሰበረን እግር ግን ማንም እንዳያሽ፣ ማንም እንዳይጎትት። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ደም ሳይደርሰው ጣቱ ጠቁሮ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ እግሩን ልናተርፍለት አልቻልንም። እንደወደቀ ከላይና ከታች ያለውን መገጣጠሚያ ጨምራችሁ ደግፉት፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጣቶቹ መሞቃቸውን እያያችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልመለስ። ከጨዋታው ቀን በፊት ሄደህ በአክብሮት፣ ግን ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። የቅልጥም መከላከያ ያላደረገ ሜዳ አይገባም፤ ሕጉ ግዴታ ነው የሚለው። ውድ ነው ካሉህ ያን ቀን ጨዋታ የሌላቸው ቡድኖች ያውሱ። ቀለበትና ሐብል ይወልቃል፣ በፕላስተር መሸፈን አይበቃም። ለጉዳተኛ የሚሆን አንድ ባለ መኪና ወይም ባለ ባጃጅ ሜዳው ዳር እስኪያልቅ ይቆም። ሁለቱን አምበሎችና አሰልጣኞች ጠርተህ ከኋላ የሚገባውን እንደማታልፍ ፊት ለፊት አስታውቃቸው፤ ከዚያ ያልከውን አድርገው፣ በ3ኛው ደቂቃም ቢሆን።

ሰው ይሰድብሃል። እናትህንም ይጨምራል፤ እኔ በስድብ ምንም አልሆንም፣ አንተም በእኔ ስም አትናደድ። ድንጋይ ከተወረወረ ግን ጨዋታውን አቋርጠህ ውጣ፤ ሥልጣኑን ሕጉ ሰጥቶሃል፤ ከዋንጫቸው የአንተ ነፍስ ይበልጣል።

ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው የአክስትህ ልጅ አንድ ቦርሳ ልኬልሃለሁ። ፋሻ፣ ጓንት፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ፣ ለማሰሪያ የሚሆን ጨርቅና ሁለት ለስላሳ ጣውላ አለበት። ጓንት ሳታደርግ ደም አትንካ። ከኮሚቴው ጋር ከተነጋገርክ በኋላ ምን እንዳሉህ ደውለህ ንገረኝ፤ እስከ ሐሙስ የቀን ተረኛ ነኝ፣ ከዓርብ ጀምሮ ማታ እገባለሁ። እሺ ካላሉህ «ሌላ ዳኛ ፈልጉ» በላቸው። አባትህም በዚህ ይስማማል፤ እንድጽፍልህ ነግሮኛል።

እናትህ
ከደሴ