የክበባት ዘገባ፦ የሊኑክስ ክበብና የተሰበሩ ሬይዶች

የሊኑክስ ክበብ ዘንድሮ የከረመው በአንድ ርእስ ላይ ነው፤ በሶፍትዌር የሚሠራ ሬይድ ሲበላሽ እንዴት ይጠገናል? ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አስተሳስሮ እንደ አንድ ዲስክ የሚያሠራ ዘዴ ነው። በሊኑክስ ላይ ሥራውን የሚሠራው ኤምዲ የሚባለው የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ክፍል ሲሆን፣ ማዘዣው ደግሞ ኤምዲአድም የተባለው ፕሮግራም ነው። ርእሱ ለአንድ ዓመት የጠበበ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዳታ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዲስኩ በተበላሸበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ የደነገጠ ሰው ትእዛዝ ሲደረድር ነው። ስለዚህ የክበቡ ሕግ አንድ ሆነ፦ አንብቦ ሳይጨርስ የሚጽፍ የለም።

ለልምምድ እውነተኛ ዲስክ አላስፈለገም። በትራንኬት እያንዳንዳቸው 200 ሜጋባይት የሆኑ 5 ባዶ ፋይሎች ይፈጠራሉ፤ በሎሴትአፕ እንደ ዲስክ ይታሰራሉ፤ 4ቱ ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢወድቅ ዳታ የማይጠፋበት ዓይነት) ይሆናሉ፣ አንዱ በተጠባባቂነት ይቀመጣል። የሚገኘው ቦታ ከ600 ሜጋባይት ትንሽ ያንሳል፣ ምክንያቱም የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ፣ ማለትም የጎደለ ዲስክን ዳታ መልሶ ለማስላት ለሚያገለግለው ትርፍ መረጃ፣ ይሄዳል። ሬይድ 6 ቢሆን የሁለት ዲስክ ያህል ይሄድ ነበር። በ«--ፌይል» አንዱን መጣል፣ በ«--ሪሙቭ» ማውጣት፣ በ«--አድ» መመለስ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢበላሽም የሚጠፋ ነገር የለም። ፋይል የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እየሞተ ያለ ዲስክ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ። ወደ እሱ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ንባብ ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ያለው ኤምዲስታት ፋይል ነው። ጤነኛ ባለ 4 ዲስክ ሬይድ አራት «ዩ» ፊደላትን ያሳያል፤ የጎደለ ዲስክ ካለ በቦታው የሥር መስመር ይተካል። አባላት በብዛት የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነበር። ሦስተኛው ቦታ ላይ ሥር መስመር ሲያዩ በመስመሩ ላይ በሦስተኛነት የተጻፈውን ዲስክ ይከሱታል። የስሞቹ አደራደርና የፊደላቱ ቅደም ተከተል ግን አይገናኙም። ማን በየትኛው ቦታ እንዳለ በትክክል የሚናገረው «ኤምዲአድም --ዲቴይል» ነው።

ሌላው አሳሳች ምልክት፣ ሬይዱ «ኢንአክቲቭ» ተብሎ ዲስኮቹ ሁሉ የተጠባባቂ ምልክት ይዘው ሲገኙ ነው። ዲስኮቹ ተጠባባቂ አልሆኑም፤ ሬይዱ ለመነሳት የሚበቃ አባል ስላላገኘ ብቻ ነው። በ«--ስቶፕ» ይቆማል፣ ምክንያቱ ይታያል፣ ከዚያ በ«--አሴምብል» እንደገና ይገጣጠማል።

ሁለተኛው ንባብ «ኤምዲአድም --ኤግዛሚን» ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ሱፐርብሎክ የሚባል የራሱን መዝገብ ይይዛል፤ በ1.2 ስሪት ከዲስኩ መነሻ 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ፣ በ0.90 እና በ1.0 ደግሞ ወደ መጨረሻው ይቀመጣል። ውጤቱ ማንኛውም ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ዋናው መስመር የኢቨንት ቁጥር ነው፤ የሬይዱ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ የቀረ ዲስክ ቀድሞ የወጣ ነው። ለልምምድ የተዘጋጀው ጥያቄ ይህን ይመስል ነበር፦ ሁለት ዲስኮች 48210፣ ሦስተኛው 48206፣ አራተኛው 31977። ሬይድ 5 ነውና ያለ አንድ ዲስክ ይሠራል፤ ያለ ሁለት አይሠራም። ቁጥሮቹ ታሪኩን ይናገራሉ፤ አራተኛው ከቆየ ጊዜ በፊት ወድቆ ማንም አላየውም፣ ሬይዱን የጣለው የሦስተኛው መውጣት ነው። መልሱ ሦስቱን ብቻ ስም ጠርቶ በ«--አሴምብል --ፎርስ» ማንሳት ነው። አራተኛው ዳታው ያረጀ ስለሆነ ውጭ ይቆያል፤ የሚገባው ዳታው ሌላ ቦታ ከተቀዳ በኋላ፣ እንደ አዲስ ዲስክ ነው። ሬይዱ ሲነሳ ፋይል ሲስተሙ በኤፍኤስሲኬ «-ኤን» ይመረመራል፤ ይህ ምንም አይጽፍም። ኤክስት4 የተባለውን ፋይል ሲስተም በንባብ ብቻ ማውንት ማድረግ (መክፈት) ግን ብቻውን አይበቃም፤ «ኖሎድ» ካልተጨመረበት ጆርናሉን (ያልተጠናቀቁ ለውጦች መዝገቡን) ሊያጫውትና ዲስክ ላይ ሊጽፍ ይችላል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በ«--ክሪኤት» የቸኮለ ግን የሚለቅመውም አያገኝ። ይህ ትእዛዝ አሮጌውን ሬይድ አያድንም፤ አዲስ ሱፐርብሎክ በላዩ ይጽፋል። የዲስኮቹ ቅደም ተከተል፣ የቸንክ (በየዲስኩ ተራ በተራ የሚጻፈው የዳታ ቁራጭ) መጠን፣ የሱፐርብሎኩ ስሪትና ዳታው የሚጀምርበት ቦታ ሁሉ ከቀድሞው ጋር ካልገጠሙ የሚወጣው ዳታ ሳይሆን ብጥስጣሽ ነው። አራት ዲስኮች በ24 ዓይነት መንገድ ይደረደራሉ። ነባሪው ቸንክ በድሮ ስሪቶች 64 ኪሎባይት ነበር፣ አሁን 512 ነው፤ የዳታው መነሻም ከስሪት ስሪት ተለዋውጧል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሬይድ 5 ሲፈጠር ኤምዲአድም በነባሪነት የመጨረሻውን ዲስክ ከሌሎቹ አስልቶ ወዲያው መጻፍ መጀመሩ ነው። ሌላ መውጫ ከጠፋና ክሪኤት ግድ ከሆነ «--አሱም-ክሊን» ይጨመርበታል፣ ወይም ከዲስኮቹ የአንዱ ቦታ «ሚሲንግ» ተብሎ ይተዋል፤ በሁለቱም መንገድ የፓሪቲ ጽሑፍ አይጀመርም።

ይህም ቢሆን በእውነተኛ ዲስክ ላይ አይሞከርም። ክበቡ ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሰጠው ለዚህ ዘዴ ነው፦ በዲኤምሴትአፕ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የስናፕሾት ሽፋን ይነጠፋል፤ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ተለየ ፋይል ይሄዳል፣ ዲስኩ አይነካም። ሙከራው ካልሰመረ ሽፋኑን ጥሎ ሌላ ማንጠፍ ነው። 24ቱንም ቅደም ተከተል ያለ ስጋት መሞከር የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። ዲስኩ ራሱ ማንበብ እያቃተው ከሆነ ደግሞ ከሽፋኑም በፊት በዲዲሬስኪው ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለበጣል።

አሁን ወደ ተንቀራፋፊው ዲስክ። ከርነሉ ለአንድ ትእዛዝ በነባሪነት 30 ሰከንድ ይታገሣል። ለቤት ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ ግን አንድ መጥፎ ሴክተር (የዲስኩ ትንሿ የማከማቻ ክፍል) ለማንበብ ከ2 ደቂቃ በላይ ሊታገል ይችላል። ከርነሉ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ግንኙነቱን ያቋርጣል፣ ዲስኩ አሁንም አይመልስም፣ ኤምዲም ከሬይዱ ያስወጣዋል፤ በአንድ ሴክተር ሰበብ ሙሉ ዲስክ ይጣላል። አባላቱን ያከራከረው መፍትሔው ነበር፦ ዲስኩ ቶሎ ተስፋ እንዲቆርጥ ማድረግ! «አላነበብኩም» ብሎ ፈጥኖ ከመለሰ ኤምዲ የጎደለውን ከሌሎቹ አስልቶ እዚያው ላይ ይጽፍለታል። በስማርትሲቲኤል የ«ኤስሲቲኢአርሲ» (ዲስኩ ስሕተትን ለማረም የሚታገልበት ጊዜ) መጠን ለንባብና ለጽሕፈት 70፣ 70 ይደረጋል፤ መለኪያው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስለሆነ 7 ሰከንድ ማለት ነው። ብዙ ዲስኮች ኃይል ሲቋረጥ ይህን ስለሚረሱት ማሽኑ በተነሳ ቁጥር መደገም አለበት። ዲስኩ ይህን ካልተቀበለ በተቃራኒው የከርነሉ ትዕግሥት ወደ 180 ሰከንድ ከፍ ይላል።

በወር አንዴ ደግሞ በሬይዱ «ሲንክ_አክሽን» ፋይል ላይ «ቼክ» ብሎ መጻፍ ዲስኮቹን ዳር እስከ ዳር ያስነብባል። የተደበቀ መጥፎ ሴክተር የሚገኘው ያኔ ነው፤ ካልሆነ የሚገኘው ሌላ ዲስክ ሞቶ ሬይዱ መልሶ ሲገነባ፣ በክፉ ሰዓት ነው።

ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ከሚመዘግባቸው የስማርት ቁጥሮች ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። 5 (የተተኩ ሴክተሮች) እና 197 (ለመተካት የሚጠባበቁ ሴክተሮች) ካደጉ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። 199 (የመረጃ ማስተላለፍ ስሕተት) ካደገ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ኬብሉ ተቀይሮም ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ መታየት ያለበት መጨመሩን ማቆሙ ነው። የሚነቀለው ዲስክ በሴሪያል ቁጥሩ ይለያል፤ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ማሽኑ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉና። ታማሚው ዲስክ ገና የሚመልስ ከሆነ «--ፌይል» ከማለት «--ሪፕሌስ» ይሻላል፤ አዲሱ እስኪሞላ አሮጌው በሥራ ላይ ይቆያል። 4 ቴራባይት በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ዲስክ ወደ መጨረሻው ስለሚዘገይ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ሬይዱ በድንገት «ኤምዲ127» በሚል ስም ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ በኤምዲአድም ኮንፍ ፋይል ውስጥ አልተመዘገበም፣ ወይም ከተመዘገበ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ አልታደሰም።

በዓመቱ መጨረሻ የልምምድ ፋይሎቹ በ«--ስቶፕ» ቆመው በሎሴትአፕ ተፈትተው ተሰርዘዋል። ለሌላ ሥራ የሚውል እውነተኛ ዲስክ ከሆነ ግን «--ዜሮ-ሱፐርብሎክ» አይረሳም፤ አለዚያ ያ አሮጌ ሬይድ ዲስኩ በተሰካበት አዲስ ማሽን ላይ «ኤምዲ127» ሆኖ ይነሳል።