ይድረስ ለአል ሆርፎርድ፦ ከአንድ የሴልቲክስ ደጋፊ (ጁን 2024)

ወንድሜ አል፣

ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያለህ! ቦስተን ሴልቲክስ ዳላስ ማቨሪክስን 106 ለ 88 አሸንፎ 18ኛውን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ዋንጫ ወሰደ። ጄለን ብራውን የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ይገባዋል። ጄሰን ቴተም በመጨረሻው ጨዋታ 31 ነጥብ አስቆጠረ፤ እሱም ይገባዋል። ስለ ሁለቱ ገና ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ምስጋናዬን በቅድሚያ ላንተ ማድረስ ፈለግኩ። አንተ ባትኖር ይህ ዋንጫ ቦስተን አይገባም ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

17 የውድድር ዘመን ጠበቅክ። ከ180 በላይ የፕሌይኦፍ (አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ቡድን የሚያልፍበት የጥሎ ማለፍ ዙር) ጨዋታ ተጫወትክ። የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ቀለበት ያገኘኸው 38 ዓመት ከሞላህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አባትህ ቲቶ በኤንቢኤ የተጫወተ የመጀመሪያው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነበር። አንተ ደግሞ ከዚያች አገር ተነስተህ ዋንጫውን በማንሳት የመጀመሪያው ሆንክ። በአንድ ቤት ሁለት "የመጀመሪያ"! ያን ሌሊት ፊትህን ሳይ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሰው "አንጋፋ ተጫዋች" ሲባል መልበሻ ክፍል ውስጥ ንግግር የሚያደርግ፣ ወጣቶቹን የሚመክር ሰው ይታየዋል። ምክሩ ጥሩ ነው። እኔ የማመሰግንህ ግን በሌላ ነገር ነው። ቦታህን ለቀቅክ፣ ያም ሆኖ ዝግጁነትህን አላጓደልክም። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ በጣም ከባድ ነው። ቦታውን የለቀቀ ብዙ ሰው ልቡም አብሮ ይለቃል።

የ2023ቱን በጋ አስታውሳለሁ። ማያሚ በምሥራቅ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳችን፣ 103 ለ 84 አሰናብቶን ነበር። ከዚያ ማርከስ ስማርት ወደ ሌላ ቡድን ሄደ። ስማርት ከ2014 ጀምሮ የነበረ የቡድኑ ነፍስ ነው። ደጋፊው ሁሉ "አሁን ማን ይመራል?" ይል ነበር። እኔም ጨንቆኝ ነበር። ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ መጣ፣ ቀጥሎም ጁሩ ሆሊዴይ መጣ። አምስቱ ቋሚዎች ሲቆጠሩ አንተ ስድስተኛ ሆንክ። ከ2007 ጀምሮ በሄድክበት ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ተሰላፊ ነበርክ። አምስት ጊዜ ኮከቦች ጨዋታ ላይ የተመረጥክ ሰው ነህ። እና አሁን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጥ ተባልክ።

አንድም ቀን ስታጉረመርም አልሰማንም። ክፍያህም ቢሆን ቀድሞ በዓመት ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ አዲሱን ውል የፈረምከው ግን በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። 10 ሚሊዮን ትንሽ ገንዘብ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን በደሞዝ ጣሪያ በሚተዳደር ሊግ ውስጥ አንዱ ሲቀንስ ለሌላው ቦታ ይከፈታል። እንደ ፖርዚንጊስና ሆሊዴይ ያሉ ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን መሰብሰብ የሚቻለው እንዲህ ያለ ሰው ሲኖር ነው።

ከዚያ ያ የፈራነው ቀን መጣ። ከማያሚ ጋር በመጀመሪያው ዙር አራተኛ ጨዋታ ፖርዚንጊስ ባቱን ተጎዳ። ረጅሙ ሰውዬ የለም። ቡድኑ ዞሮ አንተን አየ፤ አንተም ተነስተህ ገባህ፣ በቃ። ክሊቭላንድን ባሰናበትንበት አምስተኛ ጨዋታ 22 ነጥብ አስቆጥረህ 15 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ያዝክ። ኢንዲያና ላይ ደግሞ በሦስተኛው ጨዋታ በ18 ነጥብ ተመርተን ነበር። ሰባት ሦስት ነጥብ አገባህ! 38 ዓመት ሊሞላህ ቀናት ሲቀሩህ። ያን ጨዋታ አሸነፍን፣ ቀጥለንም ተከታታዩን 4 ለ 0 ዘጋን። ዓመቱን ሙሉ ቋሚ ሆኖ ከርሞ እንዲህ መጫወት አንድ ነገር ነው። ግማሹን ዓመት ወንበር ላይ ጀምሮ፣ "አሁን ና" ሲባል እንዲህ መጫወት ግን ሌላ ነው። ማንም ሳያይህ በየልምምዱ ስትዘጋጅ ለነበሩት ጠዋቶች ሁሉ አመሰግናለሁ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን የሚልዋኪውን ቀን ነው። ሜይ 2022፣ የምሥራቅ ኮንፈረንስ ግማሽ ፍጻሜ፣ አራተኛ ጨዋታ። ሚልዋኪ ባክስ 2 ለ 1 ይመራል። በሦስተኛው ኳርተር (ሩብ) የባክሱ ኮከብ ያኒስ አንቴቶኩምፖ ባንተ ላይ ዳንክ አደረገና፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን በእጁ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተና፣ ፊትህ ላይ አፈጠጠ። ዳኛው ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ምግባር ጥፋት) ሰጠበት። አንተ አልገፋኸውም፣ አፍ አልተካፈትክም። ራስህን ብቻ ነቀነቅክ፣ "እሺ" እንደሚል ሰው። ብዙ ተጫዋች እዚያ ላይ ይፈርሳል፤ ወይ ይደባደባል፣ ወይ ከጨዋታው ይወጣል። አንተ ንዴትህን ይዘኸው ሄድክ። በአራተኛው ኳርተር በተራህ በእሱ ላይ ዳንክ አደረግክ። በዚያ ኳርተር ብቻ 16 ነጥብ፣ በጠቅላላው 30 ነጥብ። 116 ለ 108 አሸነፍን፤ ተከታታዩም በሰባት ጨዋታ የኛ ሆነ። ቴተም ያኔ 24 ዓመቱ ነበር፣ ብራውን 25። ቁጣን እንዴት ወደ ጨዋታ እንደሚቀይሩት በዓይናቸው አዩ። ይህን በቃል ማስተማር የሚቻል አይመስለኝም።

ስለ መከላከል ካላነሳሁ ደግሞ ደብዳቤው ጎደሎ ነው። ቴሌቪዥን ኳሱን ነው የሚከተለው፣ ያንተን አፍ አያሳይም። እንዳንተ ያለ ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ከኋላ ቆሞ ሜዳውን በሙሉ ያያል። ስክሪን (የተከላካይን መንገድ በአካል መዝጋት) ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ማንን እንደሚቀይር፣ ማን ወደ ቅርጫቱ ሥር መግባት እንዳለበት ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ዝም ካለ ከፊቱ ያሉት አራቱ ዕውር ናቸው። አንተ ሳታቋርጥ ትናገራለህ፣ በእጅህ ትጠቁማለህ፣ ወጣቱን በትከሻው ይዘህ ቦታው ላይ ታቆመዋለህ። እግርህ እንደ ድሮው ባይፈጥንም ቀድመህ ስለምታውቅ ቀድመህ ትደርሳለህ። ከጨዋታ በኋላ የሚወጣው የቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ እኔ እዚህ ጻፍኩት።

የ2022ቱ ነገርም አለ። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ዋናው አሠልጣኝ ታገደ፤ ጆ ማዙላ በ34 ዓመቱ ቡድኑን ተረከበ። አንተ 36 ነበርክ። ከአሠልጣኝህ በሁለት ዓመት ትበልጣለህ! እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቁ ተጫዋች ፊቱን ካጠቆረ አዲሱ አሠልጣኝ አለቀለት፤ ወጣቶቹ የሚያዩት ትልቁን ነውና። አንተ የሚልህን አደረግክ፣ ሌላውም ተከተለ። ማዙላ በሁለተኛ ዓመቱ 64 አሸንፎ 18 ብቻ ተሸነፈ፣ ዋንጫም አነሳ።

ሌላው የሚገርመኝ ሰዎች አንተን "አበቃለት" ያሉበትን ጊዜ እንዴት እንዳለፍከው ነው። ኦክላሆማ ሲቲ በነበርክበት ዓመት 28 ጨዋታ ከተጫወትክ በኋላ ወጣቶች ዕድል እንዲያገኙ በሚል ቀሪውን ዓመት እንዳትጫወት ተወሰነ። ጤነኛ ነበርክ። 34 ዓመትህ ነበር። ወደ ቦስተን ስትመለስ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ውልህ ክብደት ነበር እንጂ ስላንተ አልነበረም። በዓመቱ ፍጻሜ ደረስን። የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ጎልደን ስቴት ሜዳ 26 ነጥብ አስቆጠርክ። ዋንጫውን ያኔ አላገኘነውም፤ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ተሸነፍን። ግን ከዚያ በኋላ እነ ቴተም የመሸነፍን ህመም አውቀውት፣ ከጎናቸው ደግሞ ለዓመታት የተሸከመው ሰው ነበራቸው። ዘንድሮ ብዙዎቹ "ለአል ስንል ማሸነፍ እንፈልጋለን" ማለታቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሆሊዴይንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሊጉ በየዓመቱ ለምርጥ የቡድን አጋር የሚሰጠውን ሽልማት ሦስት ጊዜ ያገኘ ሰው ነው። ሽልማቱ የተሰየመው በሞሪስ ስቶክስና በጃክ ትዋይማን ነው። ስቶክስ በ1958 ሜዳ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታና ሰውነቱ ሽባ ሆነ። የቡድን አጋሩ ትዋይማን ሕጋዊ ሞግዚቱ ሆኖ፣ የሕክምና ገንዘብ እያሰባሰበ፣ ስቶክስ በ1970 እስኪያርፍ ድረስ አልተለየውም። ሆሊዴይ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ ወስዷል፤ እኛ ጋ መጥቶ ግን ኳሱን ለእነ ቴተም ትቶ ጥግ ላይ መቆምን መረጠ። አንተና እሱ በአንድ መልበሻ ክፍል መገኘታችሁ ትልቅ ዕድላችን ነበር።

የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ብሆንም አንድ የማያሚ ሰው ላነሳ ነው። ዩዶኒስ ሃስለም 20 የውድድር ዘመን በአንድ ቡድን ቆየ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሜዳ የሚገባው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ክለቡ ግን ከ15 የተጫዋች ቦታ አንዱን በየዓመቱ ለእሱ ይይዝለት ነበር። ያ ማያሚ ነው እኛን በ2023 ያሰናበተን። ሊጉ ራሱም የአንጋፋን ጥቅም የተረዳ ይመስላል። ብዙ ዓመት ያገለገለ ተጫዋች በዝቅተኛው ደሞዝ የአንድ ዓመት ውል ሲፈርም፣ ክለቡ የሚከፍለው የሁለት ዓመት ልምድ ያለውን ተጫዋች ያህል ነው፤ ልዩነቱን ሊጉ ይሸፍናል። ክለቦች "ውድ ነው" ብለው አንጋፋውን እንዳይሸሹት ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ደጋፊም ቡድኑ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ሲያስፈርም "ይሄ ሽማግሌ ምን ይሠራል?" ከማለቱ በፊት ያንተን ዓመት መለስ ብሎ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ቤተሰብህንም አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ከከተማ ከተማ አብረውህ ተዘዋውረዋል፤ ይህ ዋንጫ የእነሱም ነው።

 አሁን በደንብ ዕረፍ፣ ጉልበትህን አሳርፍ፣ ልጆችህን ይዘህ ተዝናና። በጥቅምት 2024 የዋንጫው ባነር ሲሰቀል የማሊያህን 42 ቁጥር ከፍ አድርገን እንጠብቅሃለን።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣
አንድ የሴልቲክስ ደጋፊ