ከልጆች ጋር ጣልያን ለምትሄጂው እህቴ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ባጠፋም ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም፤ ይቅር በይኝ። በነሐሴ ልጆቹን ይዛችሁ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን ልታዩ ማሰባችሁን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። የቀረውን ስንገናኝ እናወጋዋለን፤ ዛሬ ለመንገዱ የሚበጅሽን ልጻፍልሽ።

አደራ፣ ሌላ ከተማ አትጨምሩ። ከተማ የምትቀይሩበት ቀን የተበላ ቀን ነው። ክፍሉን ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ታስረክባላችሁ፣ አዲሱ የሚከፈተው ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ነው፤ በመሃል የ4 ዓመት ልጅ የሚተኛበት የለውም። ሮም 5 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 3፣ ቬኒስ 3 በቂ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምም ወደ ሚላኖም ስለሚበር በሮም ግቡ፣ በሚላኖ ውጡ። ከቬኒስ ሚላኖ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ወደ ሮም ተመልሶ መድከም ይቀራል።

ቪዛውን የካቲት ላይ ጀምሪው፤ የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ይቀበላሉ፣ የክረምቱ ቀጠሮ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ለትልቋ ልጅሽ 45፣ 6 ዓመት ላልሞላው ለትንሹ ነፃ ነው። ከ12 ዓመት በታች የጣት አሻራ አይሰጡም። የጤና ኢንሹራንሱ ለልጆቹም ጭምር ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የልጆቹን ፎርም ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ብዙ ሰው የአንድ ወላጅ ፊርማ ብቻ ይዞ ሄዶ ይመለሳል።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ፤ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚያ ነው። ትኬቱ ላይ 15:35 ካለ በኛ ከቀኑ 9:35 ነው፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ሰሌዳው የሚያሳየው የመጨረሻውን ጣቢያ ስለሆነ የፍሎረንሱ ባቡር «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» ሊል ይችላል። ስለዚህ የከተማውን ስም ትተሽ የባቡሩን ቁጥር ተከተይ። መቆሚያው፣ እነሱ «ቢናሪዮ» የሚሉት፣ የሚወጣው መነሻው ሲቃረብ ብቻ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ አብሮ ይሮጣል። ሻንጣ የሚቀበልሽ የለም፣ መወጣጫው ከፍ ያለ ነው። በአዋቂ አንድ ሻንጣ ይብቃችሁ። አንዳችሁ ከልጆቹ ጋር ቀድማችሁ ግቡ፣ ሌላው ሻንጣውን ያቀብል። ፍሎረንስ ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ከመድረሱ 10 ደቂቃ በፊት በሩ አጠገብ ሁኑ። ቬኒስ ስትደርሱ ደግሞ «ሜስትሬ» ላይ እንዳትወርዱ፤ እሱ የብሱ ላይ ያለው ነው። የምትፈልጉት ቀጣዩና የመጨረሻው፣ ሳንታ ሉቺያ ነው። በወረቀት ትኬት በአካባቢ ባቡር የምትሄዱ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል።

የሮም ነሐሴ ያቃጥላል። ማለዳ ውጡ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ልጆቹን አስተኚ፣ ማታ እንደገና ውጡ። ቤት ስትከራዪ አየር ማቀዝቀዣና ሊፍት መኖሩን ጠይቂ፤ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ውሃ አትግዢ፤ በየመንገዱ «ናዞኒ» የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ይጠጣሉ። አፉን በጣት ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ትንሹ ከዚያ አልነሳም እንደሚል አልጠራጠርም። ኮሎሲየም፣ ጥንታዊው የሮማውያን ስታዲየም፣ ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ነገር ግን ለእነሱም የዜሮ ዩሮ ትኬት በስማቸው አስቀድሞ መያዝ አለበት። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ በር ላይ ይቀራል። ፓስፖርታቸውንም ያዢ። ከዚያ ጥቂት በእግር ሄዳችሁ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔናን ለትልቋ አሳዪያት፤ የአክሱም ሐውልታችን በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ የቆመው፣ በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው ከዚያ ነው። ቴርሚኒ ከሚባለው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይም የተሰየመው በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ያህል የጣልያን ወታደሮች ነው። ልጅቷ ይህን ቦታው ላይ ቆማ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

ፍልሰታ ላይ ስለምትውሉ ስለ ምግቡ አትጨነቂ። ፒዛ «ማሪናራ» አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው። ደረቅ ፓስታ ይበላል፣ ሳይደርቅ የሚቀቀለው ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፤ ካልሆነ ከላይ ይነሰንሱበታል። ምግብ ቤቶች እራት የሚጀምሩት ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ልጆቹ ቀድመው ይራባሉ። «ፎርኖ» ከተባለ ዳቦ ቤት (የኛ ፉርኖ ከዚሁ የመጣ ነው) ፒዛ በሚዛን ቆርጠው ይሸጡልሻል። ነሐሴ 9 የእነሱ ትልቅ በዓል ነው፤ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ዋዜማውን ሸምቺ።

ፍሎረንስ ላይ የካቴድራሉ ጉልላት 463 ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም፤ ለትንሹ አይሆንም። ኡፊዚ የተባለው የሥዕል ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው።

ቬኒስ መኪና የለም፣ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ ከባድ የሕፃን ጋሪ አታምጪ። ማረፊያችሁን ከሳንታ ሉቺያ ሳትርቁ ያዙ። የውሃው ዳር አብዛኛው ቦታ መከላከያ ስለሌለው የትንሹ እጅ ከእጃችሁ አይውጣ። ስልክሽንም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊለት።

የቪዛ ቀጠሮው ቀን እንደተቆረጠ ጻፊልኝ፤ የባቡሮቹን ሰዓት አብረን እንመርጣለን። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ